የከዋክብትን ትርታ ያደመጠው የካምብሪጅ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል

ባለፈው ክረምት ነው። የዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ተማሪ የሆነችው የእህቴ ልጅ ለእረፍት ቤት መጥታ ሳለ ፊቷ እንደወትሮው አልነበረም። ምን ሆነሽ ብዬ ብጠይቃት መጀመሪያ ልትነግረኝ አልፈለገችም። በኋላ ግን ቡና እየጠጣን ነገሩን አወጣችው። በላቦራቶሪ ሥራ ላይ ከሌሎቹ ጋር የማይገጥም አንድ ልኬት አግኝታለች። ሦስት ጊዜ ብትደግመውም ያው ነው። ለላቦራቶሪው ኃላፊ ስታሳየው፣ “የመሣሪያው ችግር ነው፤ ሰርዢውና የሚጠበቀውን ቁጥር ጻፊ” ተባለች። ሰረዘችው። ጥሩ ማርክም አገኘች።

“ጋሼ፣ ማርኩንስ አገኘሁት። ያ ነገር ምን እንደነበር ግን እስካሁን አላወቅሁም” አለችኝ።

ምናልባት መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል። ብዙውን ጊዜም እንደዚያው ነው። ይሁን እንጂ የማይገጥም ነገር አይታ አልሰርዝም ያለች አንዲት ተማሪ ለሥነ ፈለክ ጥናት ምን እንዳስገኘች ልነግራት ወደድኩ። ተማሪዋን ከነገርኳት ዘንድ ያፈራትን የትምህርት ክፍል መተው አልቻልኩምና ወጋችን እስከ ምሽት ዘለቀ። ያን ዕለት ያወራነውን ሰፋ አድርጌ ለአንባቢያን ማካፈል ይጠቅማል ብዬ ስላሰብኩ እነሆ። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጦርነት ትርፍራፊ የተጀመረ ጥናት

ኬቨንዲሽ ላቦራቶሪ በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍል ነው። የተመሠረተው በ1874 ሲሆን፣ ኤሌክትሮን በ1897፣ ኒውትሮን ደግሞ በ1932 የተገኙት በዚሁ ቤት ነው። በመሆኑም የትምህርት ክፍሉ ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው እጅግ ጥቃቅን የሆኑትን ነገሮች በማጥናት ነበር። ወደ ሰማይ ቀና ያለው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው።

ለዚህ ምክንያት የሆነው ማርቲን ራይል ይባላል። ራይል በጦርነቱ ዘመን በራዳር ሥራ ላይ ተሰማርቶ የቆየ ወጣት የፊዚክስ ባለሙያ ነበር። በ1945 ወደ ካምብሪጅ ሲመለስ ከፀሐይ የሚመጣውን የራዲዮ ሞገድ ማጥናት ጀመረ። ገንዘብ አልነበረም። መሣሪያዎቹ ከጦር ሠራዊቱ የተረፉ ነበሩ፤ ከጀርመኖች የተማረኩ የራዳር ዲሾች ሳይቀሩ ለሰማይ ጥናት ዋሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። እንግሊዝ ደመና የማይለያት አገር ናት። በዓይን በሚታይ ብርሃን ከዋክብትን ለማጥናት ከፍ ያለና ደረቅ ተራራ ይመረጣል። የራዲዮ ሞገድ ግን ደመናን ዘልቆ ያልፋል፤ ቀንም ሌሊትም ይሰበሰባል። ስለዚህ ለባለ መነጽር ቴሌስኮፕ የማይመቸው የካምብሪጅ ሜዳ ለራዲዮ ቴሌስኮፕ ተስማሚ ሆነ። በ1957 ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሎርድስ ብሪጅ በተባለው ቦታ የትምህርት ክፍሉ የራዲዮ ምልከታ ጣቢያ ተከፈተ። ለማቋቋሚያው የገንዘብ ድጋፍ ያደረገው ሙላርድ የተባለ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ በመሆኑ ጣቢያው በስሙ ተሰየመ።

ትናንሽ ዲሾች እንደ አንድ ግዙፍ ዲሽ

የራዲዮ ሞገድ አንድ ችግር አለበት። ሞገዱ ረጅም ስለሆነ አንድ ዲሽ ብቻውን የሚሰጠው ምስል የደበዘዘ ነው። ጥርት ያለ ምስል ለማግኘት ስፋቱ በኪሎ ሜትሮች የሚለካ ዲሽ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ደግሞ ማንም ሠርቶ ማቆም አይችልም።

ራይልና ባልደረቦቹ ያገኙት መላ ይህን ይመስላል። ጥቂት ትናንሽ ዲሾችን አራርቆ ማስቀመጥ፣ አንዳንዶቹን በሐዲድ ላይ እየገፉ ቦታቸውን መለዋወጥ፣ የቀረውን ሥራ ደግሞ ለመሬት መተው ነው። መሬት በራሷ ዛቢያ ላይ ስትሽከረከር ዲሾቹም አብረው ስለሚዞሩ፣ ከሰማይ ሆኖ ለሚያያቸው በግዙፍ ዲሽ ገጽ ላይ ክብ እየሠሩ የሚጓዙ ይመስላሉ። በየቦታው የተሰበሰበውን ምልክት በሒሳብ ሲያዋህዱት የግዙፉን ዲሽ ያህል የጠራ ምስል ይገኛል።

የሒሳቡ ሥራ በእጅ የሚሞከር አልነበረም። ደግነቱ ካምብሪጅ ከዓለም ቀደምት ኮምፒውተሮች አንዱ የሆነው ኤድሳክ የተሠራበት ዩኒቨርሲቲ ነው። የሰማይ ተመልካቾቹም የጎረቤቶቻቸውን ማሽን ተጠቀሙ። በ1964 ሦስት ባለ 18 ሜትር ዲሾች ያሉት “የአንድ ማይል ቴሌስኮፕ” ሥራ ጀመረ። በ1972 ደግሞ ስምንት ዲሾች ያሉት ባለ 5 ኪሎ ሜትሩ ቴሌስኮፕ አገልግሎት መስጠት ያቆመ የባቡር መስመርን ተከትሎ ተተከለ።

ይህ ዘዴ ዛሬ በመላው ዓለም የራዲዮ ሥነ ፈለክ የጀርባ አጥንት ነው። በሚያዝያ 2019 ይፋ የሆነውና ብዙዎቻችን በጋዜጣና በቴሌቪዥን ያየነው የጥቁር ጉድጓድ ምስል የተገኘውም በስድስት ቦታዎች የሚገኙ ስምንት ቴሌስኮፖችን እንደ አንድ በማሠራት ነው። የሐሳቡ ሥር ሲፈለግ እነዚያ በሐዲድ ላይ ይገፉ የነበሩ ዲሾች ጋ ያደርሳል።

የተሳሳተው መዝገብ

የትምህርት ክፍሉ ታሪክ የድል ብቻ አይደለም። በ1955 የራይል ቡድን 1,936 የራዲዮ ምንጮችን የያዘ የሰማይ መዝገብ አወጣ። መዝገቡን መሠረት በማድረግም ስለ ዩኒቨርስ አመጣጥ ትልቅ መደምደሚያ ላይ ደረሰ። በአውስትራሊያ ሲድኒ የነበሩ ተመራማሪዎች የራሳቸውን መዝገብ አውጥተው ሲያነጻጽሩ ግን ሁለቱ አልተገናኙም። በካምብሪጁ መዝገብ ውስጥ ከሰፈሩት አብዛኞቹ፣ ቴሌስኮፑ ደካማ ምንጮችን እርስ በርስ አደባልቆ የፈጠራቸው እንጂ በሰማይ ላይ የሌሉ ነበሩ።

ለአንድ የትምህርት ክፍል ይህ ከባድ ውርደት ነው። ቡድኑ ግን መሣሪያውን አሻሽሎ ሥራውን እንደገና ጀመረ። በ1959 ሦስተኛውን መዝገብ ሲያወጣ የምንጮቹ ቁጥር ወደ 471 ወርዶ ነበር። ይህ አጭር ዝርዝር ግን እውነተኛ ሆኖ ተገኘ። ከዝርዝሩ ውስጥ 273ኛው ተራ ቁጥር የተሰጠው በ1963 በአሜሪካ ሲጠና እጅግ ሩቅና እጅግ ብርቱ የሆነ የብርሃን ምንጭ መሆኑ ታወቀ። ዛሬ ኳሳር የሚባሉት አካላት በዚህ መንገድ ታወቁ።

ክርክሩም ወደዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገባ። በካምብሪጅ የሒሳብ ሊቅ የነበረው ፍሬድ ሆይል ዩኒቨርስ መጀመሪያ የሌላት፣ ሁልጊዜም አንድ ዓይነት ሆና የኖረች ናት የሚለውን ሐሳብ ያራምድ ነበር። ራይል በ1961 ያቀረበው የተስተካከለ ቆጠራ ደግሞ ሩቅና ደካማ የራዲዮ ምንጮች በሆይል ሐሳብ መሠረት ከሚጠበቀው በላይ በዝተው እንደሚገኙ አሳየ። ሩቅ ማየት የጥንቱን ማየት ነውና፣ ዩኒቨርስ ድሮ እንደዛሬው አልነበረችም ማለት ነው። በ1965 የታላቁ ፍንዳታ ቅሪት የሆነው ጨረር መገኘቱ በአሜሪካ ሲበሰር፣ ክርክሩ ወደ ራይል አጋደለ።

ከሁለት ሺህ በላይ አንቴናና አንዲት ተማሪ

አሁን ለእህቴ ልጅ ወደነገርኳት ታሪክ ልመለስ።

ጆስሊን ቤል በ1943 በሰሜን አየርላንድ ተወለደች። በልጅነቷ ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚያሻግረውን ፈተና ወድቃ ነበር። በኋላ ግን ከግላስጎው ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ተመርቃ በ1965 ለዶክትሬት ጥናት ካምብሪጅ ገባች። አማካሪዋ የራይል ባልደረባ የነበረው አንቶኒ ሂዊሽ ነበር።

ሂዊሽ ኳሳሮችን የሚፈልግበት ብልሃት ነበረው። ኮከብ ብልጭ ድርግም ሲል ፕላኔት ግን የማይርገበገበው ኮከብ ከርቀቱ የተነሣ ነጥብ ሆኖ ስለሚታይ ነው። ትንሽ የሆነ የራዲዮ ምንጭም እንደዚሁ ከፀሐይ የሚወጣው የቅንጣቶች ነፋስ ውስጥ ሲያልፍ ይርገበገባል። ስለዚህ የሚርገበገቡትን ለይቶ ማግኘት ኳሳሮችን ማግኘት ነው። ለዚህ የሚሆነው ቴሌስኮፕ ዲሽ አልነበረም። ሁለት ሄክታር በሚጠጋ ሜዳ ላይ ከአንድ ሺህ በላይ የእንጨት ምሰሶ ተተክሎ፣ 2,048 አንቴናዎች በሽቦና በኬብል የተያያዙበት ነበር። ተማሪዎቹ ምሰሶውን በመዶሻ እየመቱ ራሳቸው ነው የተከሉት። ቤልም ሁለት ዓመት ያህል ከእነሱ ጋር ስትሠራ ቆየች።

ቴሌስኮፑ በሐምሌ 1967 ሥራ ሲጀምር እሱን ማንቀሳቀስም ሆነ ውጤቱን መመርመር የእሷ ድርሻ ሆነ። ውጤቱ በኮምፒውተር አይወጣም፤ ብዕር በወረቀት ጥቅልል ላይ መስመር እያሰመረ ይጽፈዋል። በየቀኑ 30 ሜትር ያህል ወረቀት ይወጣል። እሷም እያንዳንዱን ሜትር በዓይኗ ታነባለች።

“ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች”

ነሐሴ 6 ቀን 1967 በተቀዳው ወረቀት ላይ አንድ እንግዳ ነገር ነበር። እንደ ኳሳር አይርገበገብም፤ ከመኪና ሞተር ወይም ከሬዲዮ ጣቢያ እንደሚመጣ ሁከትም አይደለም። በመቶ ሃያ ሜትር ወረቀት ውስጥ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር የምትጠጋ ቦታ ብቻ የያዘች የተዘበራረቀች ጭረት ናት። ብዙ ሰው ሳያያት ያልፋታል፤ ቢያያትም ይሰርዛታል። ቤል ግን ይህን የመሰለ ነገር ከዚያው የሰማይ ክፍል ሲመጣ ከዚህ በፊትም እንዳየች ትዝ አላት። የቀድሞ ወረቀቶቿን አገላብጣም አገኘችው።

ወሳኙ ፍንጭ ሰዓቱ ነበር። ምልክቱ በየቀኑ አራት ደቂቃ ያህል ቀደም እያለ ይመጣል። ከዋክብት የሚወጡትና የሚጠልቁት እንደዚሁ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ዑደት ነው። የሰው ልጅ ማሽን ግን በ24 ሰዓት ነው የሚተዳደረው። ምንጩ ከሰማይ ለመሆኑ ይህ ትልቅ ምልክት ነበር።

ኅዳር 28 ቀን 1967 ፈጣን መቅጃ ተገጥሞ ሲታይ ጭረቷ ተዘረዘረች። በየ1.33 ሴኮንዱ የምትመታ ወጥ የሆነች ትርታ ነበረች። ሂዊሽ በስልክ ሲነገረው የመጀመሪያ ግምቱ ሰው ሠራሽ መሆን አለበት የሚል ነበር። ሊፈረድበት አይገባም፤ እንዲህ ያለ የሰዓት ያህል የማይዛነፍ ኮከብ በዚያ ዘመን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ግን ራሱ ወደ ጣቢያው ሄዶ ትርታው ተመልሶ ሲመጣ በዓይኑ አየ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው የትምህርት ክፍሉን የሚያስመሰግን ነው። ማንም ለጋዜጣ አልሮጠም። በሌላ ቴሌስኮፕ ተሞከረ፤ እዚያም ታየ። የሞገዶቹ መድረሻ ጊዜ ልዩነት ተለክቶ ምንጩ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ፣ ሆኖም በእኛው ጋላክሲ ውስጥ እንደሆነ ታወቀ። ምናልባት ሌላ ዓለም ላይ ያሉ ፍጡራን የሚልኩት መልዕክት ይሆን የሚለው ሐሳብም ስለተነሣ፣ ግማሽ በቀልድ “ትንንሽ አረንጓዴ ሰዎች 1” ብለው ሰየሙት። መልዕክቱ ከፕላኔት የሚመጣ ቢሆን ፕላኔቷ ኮከቧን ስትዞር የትርታው ጊዜ መለዋወጥ ነበረበት። ሂዊሽ ለካው፤ ከመሬት የራሷ ዙረት በቀር ሌላ አልተገኘም።

ጉዳዩን የቋጨችው ቤል ራሷ ናት። ታኅሣሥ 21 ቀን 1967፣ ለገና በዓል ወደ ቤተሰቦቿ ከመሄዷ በፊት፣ በሌላ የሰማይ ክፍል ሌላ ጭረት አየች። ሌሊቱ ብርድ ስለነበር መሣሪያው በቅጡ አልሠራ ቢላት ትንፋሿን እፍ እያለች እየረገመች ለአምስት ደቂቃ ያህል አሠራችው። በ1.2 ሴኮንድ የምትመታ ሁለተኛ ትርታ አገኘች። በሁለት ተቃራኒ አቅጣጫ ያሉ ሁለት የፍጡራን ወገኖች በአንድ ጊዜ ለእኛው መሬት ምልክት ይልካሉ ብሎ ማሰብ ስለሚያስቸግር ነገሩ የተፈጥሮ እንደሆነ ግልጽ ሆነ። ግኝቱ የካቲት 24 ቀን 1968 ኔቸር በተባለው የሣይንስ መጽሔት ወጣ። ከአምስቱ ጸሐፊዎች የሂዊሽ ስም መጀመሪያ፣ የቤል ሁለተኛ ነበር።

ፑልሳር ምንድን ነው?

አንድ ትልቅ ኮከብ ዕድሜው ሲያበቃ ውጫዊ አካሉ ይፈነዳል፤ እምብርቱ ደግሞ በራሱ ክብደት ወደ ውስጥ ይወድቃል። የሚቀረው የኒውትሮን ኮከብ ይባላል። ክብደቱ ከፀሐይ የሚበልጥ ሲሆን የጎን ስፋቱ ግን 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይን ወስዶ አዲስ አበባ ውስጥ እንደማጨቅ ያህል ነው። ከእሱ አንድ የሻይ ማንኪያ ቢጨለፍ ከቢሊዮን ቶን በላይ ይመዝናል። እንዲህ ያለ ኮከብ ሊኖር እንደሚችል ባዴና ዝዊኪ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1934 ገምተው ነበር፤ አይቶ የመሰከረ ግን አልነበረም።

ኮከቡ ሲጨማደድ የመሽከርከር ፍጥነቱ ይጨምራል። ከማግኔት ዋልታዎቹ የሚወጣው የራዲዮ ጨረር በአምቡላንስ አናት ላይ እንደሚሽከረከረው መብራት ዙሪያውን ይጠርጋል። ጨረሩ በእኛ ላይ ባለፈ ቁጥር አንድ ትርታ እንሰማለን። ኮከቡ የሚያበራው ያለማቋረጥ ሲሆን፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ግን እየቆራረጠ ነው። በ1968 መገባደጃ በክራብ ኔቡላ ውስጥ በሴኮንድ 30 ጊዜ ያህል የሚመታ ፑልሳር መገኘቱ ጥርጣሬውን አስወገደ፤ በዚህ ፍጥነት ተሽከርክሮ የማይበታተን ከኒውትሮን ኮከብ ሌላ የለምና።

የግኝቱ ፍሬ ብዙ ነው። በ1974 የተገኘ ጥንድ ፑልሳር የአንስታይንን የስበት ሞገድ ሐሳብ በተዘዋዋሪ አረጋግጦ ለ1993 የኖቤል ሽልማት አበቃ። ከፀሐያችን ውጭ የመጀመሪያዎቹ ፕላኔቶች የታወቁትም በ1992 በአንድ ፑልሳር ዙሪያ ነው። በ2023 ደግሞ ብዙ ፑልሳሮችን እንደ ሰዓት ተጠቅመው ዓመታት ሲለኩ የቆዩ ተመራማሪዎች መላውን ዩኒቨርስ የሚንጥ ዝግ ያለ የስበት ሞገድ መኖሩን የሚጠቁም ማስረጃ አቀረቡ።

ኖቤሉ ለማን?

በ1974 የፊዚክስ ኖቤል ለራይልና ለሂዊሽ ተሰጠ። ለሥነ ፈለክ ምልከታ ሥራ ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ራይል ዲሾችን በማዋሃድ ዘዴው፣ ሂዊሽ ደግሞ ለፑልሳሮች መገኘት ለነበረው ወሳኝ ድርሻ ተሸለሙ። የቤል ስም አልተጠራም።

ፍሬድ ሆይል በአደባባይ ተቃወመ። የሚደግፉትም የሚነቅፉትም ተነሡ። ለሂዊሽ የሚከራከሩ ወገኖች ቴሌስኮፑን ያቀደው፣ ገንዘቡን ያገኘው፣ ኃላፊነቱንም የተሸከመው እሱ ነው ይላሉ፤ ሐሰት አይደለም። ለቤል የሚከራከሩት ደግሞ ወረቀቱን ያነበበችው፣ ጭረቷን ያልናቀችው፣ ማሽን አይደለም ብላ የጸናችው እሷ ናት ይላሉ፤ ይህም እውነት ነው። ቤል ራሷ በ1977 ተጠይቃ፣ የመጨረሻው ኃላፊነት የአማካሪ እንደሆነና ሽልማቱ እጅግ ልዩ ካልሆነ በስተቀር ለተማሪ መሰጠት እንደሌለበት ተናግራለች። እኔ በበኩሌ ይህ ጉዳይ ልዩ ካልተባለ የትኛው ልዩ ሊባል እንደሚችል አይገባኝም። በዚያን ጊዜ ጋዜጠኞች ሂዊሽን ስለ ሣይንሱ፣ እሷን ግን ስለ ወንድ ጓደኞቿ ይጠይቋት እንደነበር ሲታወስ፣ ነገሩ የተማሪነት ብቻ እንዳልነበር መገመት አያዳግትም።

ጊዜ ግን ፈራጅ ነው። ቤል በርኔል የእንግሊዝን የሥነ ፈለክ ማኅበርና የፊዚክስ ተቋም በፕሬዚዳንትነት መራች። በ2018 የ3 ሚሊዮን ዶላር የብሬክስሩ ልዩ ሽልማት ሲሰጣት አንድ ሳንቲም ለራሷ አላስቀረችም። ገንዘቡን በሙሉ በፊዚክስ መስክ ቁጥራቸው ላነሰ ወገኖች፣ ስደተኞችን ጨምሮ፣ ለዶክትሬት ትምህርት ነፃ ዕድል እንዲሆን ሰጠች። በ2021 ደግሞ የሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳይ ተሸላሚ ሆነች። ራይል በ1984፣ ሂዊሽም በ2021 አርፈዋል።

የትምህርት ክፍሉም አልቆመም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ተራርቀው የቆሙ ቴሌስኮፖችን የማዋሃድ ዘዴን በዓይን ለሚታይ ብርሃን አውሎ ካፔላ የተባለችውን ጥንድ ኮከብ ለይቶ አሳየ። በ2013 ወደ ኬቨንዲሽ የመጣው ዲዲየር ኬሎ ደግሞ በ1995 በጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከሚሼል ማዮር ጋር ፀሐይን በምትመስል ኮከብ ዙሪያ የምትዞር የመጀመሪያዋን ፕላኔት በማግኘቱ የ2019 ኖቤል ተጋሪ ሆኗል።

ለእኛስ?

በአገራችንም እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለው ወጣቶች ሥነ ፈለክን በከፍተኛ ደረጃ የሚማሩበት ዘመን ደርሰናል። ዕቃው ከካምብሪጅ ጋር ይወዳደራል ማለቴ አይደለም። ይሁን እንጂ የካምብሪጅ ቡድንም ሲጀምር የነበረው የጦርነት ትርፍራፊ፣ ሽቦና የእንጨት ምሰሶ ነው። በገንዘብ የማይገዙ ሦስት ነገሮች ግን ነበሩት። የተሳሳተ መዝገቡን ጥሎ እንደገና መቁጠር፣ ጎረቤት ያለውን ዕውቀት መዋስ፣ የተማሪን ጥያቄ ወደ ቅርጫት ከመጣል ይልቅ መሣሪያ ገጥሞ መፈተሽ።

ይህን ሁሉ ስነግራት የእህቴ ልጅ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና፣ “እና ጋሼ፣ እኔም ያን ቁጥር መሰረዝ አልነበረብኝም ማለት ነው?” አለችኝ።

“ቁጥሩ ስህተት ሊሆን ይችላል። ስህተት መሆኑን ግን ማንም አላሳየሽም” አልኳት።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ስልክ ደወለችልኝ። ሙከራውን በሌላ መሣሪያ ደግማዋለች፤ ልኬቱም ተስተካክሎ መጥቷል። ለካስ አሮጌው መሣሪያ ላይ አንድ ሽቦ ላልቶ ኖሯል። እንዳሰብነው አዲስ ነገር አልተገኘም። እሷ ግን ምክንያቱን በማወቋ ደስ ብሏታል፤ ከእሷ በኋላ በዚያ መሣሪያ የሚሠሩት ተማሪዎችም ከእንግዲህ የሚሰርዙት ቁጥር አይኖርም።